የዘገየው መርዶ

ሥራነሽ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ወተት ስትንጥ እናቷ ማንጠግቦሽ ከመደቡ ላይ እጇን ከፍ አደረገች። ሥራነሽ መናጧን አቆመች። የእናቷ ልብ ዛሬም ከመንገዱ ወጥቷል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ወር ሙሉ ደኅና ሰንብታ፣ ውኃ ቀድታ፣ አረም አርማ፣ አንድ ቀን ድንገት ልቧ ያልተገራ ወይፈን ከሽማግሌ በሬ ጋር እንደ ተጠመደ አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል። ያን ጊዜ የቅል ድምፅ እንኳ ይከብዳታል። ጠበል ተጠምቃለች፤ ሥር ታስሮላታል። ልቧ ግን የራሱን ቀን እየመረጠ ይመጣል፤ ሳይነግራትም ይሄዳል።

ድሮ የሥራነሽ ወንድም አንሙት እቤት ሳለ መድኃኒቱ እሱ ነበር። ከእርሻ ተጠርቶ ይመጣና ጀርባውን ለእናቱ ጀርባ አስደግፎ ይቀመጣል። በሬዎቹን በሚያባብልበት ድምፅ «ቀስ በል፣ ቀስ በል ወንድሜ» እያለ ልቧን ይለምናል። ማንጠግቦሽም ሕመሟን ረስታ፣ እንደ በሬ ትነዳኛለህ እያለች ትስቃለች። እሱም፣ በሬስ ይሰማል ይላታል። ያ ሣቅ፣ ያ ከአማኑኤል በላይ ያለው ማሳ፣ ያ አፈር አፈር የሚሸት ጀርባ... ወዴት ሄደ?

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት አንሙት ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገባ፤ በማግሥቱ ዓመት ጥቅምት ላይ ወደቀ። መርዶ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ መንገር የአገሩ ወግ ነውና፣ የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ኪዳን ጎረቤቱን አስከትለው መጡ። ሥራነሽ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ስታይ ገባት። እናቷ ከማታው ጀምሮ ልቧ ተነሥቶባት ነበር። ሥራነሽ አጥሩ በር ላይ ቆመችና «ዛሬ ከነገራችኋት ሁለቱንም ነው የምቀብረው» አለቻቸው። ልቧ እስኪረጋ ይቆይ ተባለ። ልቧ ረጋ። የረጋውን ልብ ደግሞ ማን ይቀስቅሰው? እንዲህ እየተባለ ሳምንታት አለፉ። ሥራነሽ ወንዝ ወርዳ ታለቅሳለች፤ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች።

አርባው ሲደርስ ተዝካሩ በጎረቤታቸው በየብርጓል ቤት ተደገሰ። ለማንጠግቦሽ ግን ማኅበር ነው ተብሎ ተነገራት። መጣች። ከገዛ ልጇ ተዝካር በላች፣ ጠጣች፤ ጠላው ጥሩ ነው አለች፤ የደገሰውን ዕድሜ ይስጠው ብላ መረቀች። አባ ገብረ ኪዳን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያን ምርቃት ሰምቶ የትኛው አንጀት ይችላል?

እንዲህ እንዳለ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ፤ እነሆ ጣሊያን ወጣ። አርበኞቹ ወደየቤታቸው ሲገቡ ማንጠግቦሽ መንገድ ዳር እየተቀመጠች የአላፊውን ሁሉ ፊት ታይ ጀመር። ዛሬም ከዚያ ተመልሳ ነው ልቧ የተነሣባት። ሥራነሽ ቅሉን አስቀምጣ አጠገቧ ሄደች።

«አንሙት ሲገባ ይሻለኛል» አለች እናት፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ።

«እማዬ... አንሙት አይመጣም። የየብርጓል ቤት ድግስ የሱ ተዝካር ነበር።»

ሥራነሽ እናቷ እዚያው የምትሞት መሰላት።

«ጠላው ጥሩ ነው አልሁ። አላልሁም?»

«ብለሻል።»

«ቢገድለኝም በልጄ ልቅሶ ላይ ይግደለኝ እንጂ... ለምን ቀማችሁኝ?» ቀጥላም ልጇን ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺስ የት አለቀስሽ?»

«ወንዝ ወርጄ።»

«ብቻሽን?»

ሥራነሽ እናቷ እቅፍ ውስጥ ወደቀችና፣ ሁለት ዓመት ተኩል ውኃ የወሰደባትን እንባ በሰው ደረት ላይ አፈሰሰችው። በማግሥቱ ንጋት አባ ገብረ ኪዳን እንደገና መጡ፤ መርዶው ተነገረ፤ ማንጠግቦሽ ደረቷን እየመታች ልጇን አለቀሰችው። አልሞተችም። ያ የፈሩት ልብ እንደ ልማዱ ተነሥቶ እንደ ልማዱ ረጋ። ምን ይባላል? ዕድል ጤነኛውን ጎበዝ ወስዳ፣ ዛሬ ነገ ትሞታለች የተባለችውን እናት አስቀመጠች።

ለቀስተኛው ሲበተን ማንጠግቦሽ ልጇን ጉልበቷ ሥር አስቀመጠቻት። ኀዘኗን ስትደብቅ ለወንድሟ ያልተላጨችውን ፀጉር በውኃ አርሳ ቀስ እያለች ላጨቻት። ከዚያ ምላጩን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ በጨርቅ ጠቅልላም የጣሪያው ማገር ላይ ሻጠችው።