ዘጠኝ ቁጥር ሲጠራ

ይህ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ሌሊትም አልነበረም። ከቀኑ አስር ሰዓት ነው። ማሞቂያው ይንሿሿል። ጠረጴዛው ላይ ከምስጋና በዓል የተረፈ፣ ፓይ የሚሉት የዱባ ጣፋጭ አለ። ውጭ በረዶ ይጥላል።

ቦታው ሰሜን ሚኒሶታ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ስሙን አልጠራም።

ሥራዬ የኮሌጆችን የጥበቃ ክፍል መገምገም ነው። በሮች ይቆለፋሉ ወይ፣ ካሜራው ይሠራል ወይ፣ ተማሪ ሲጠራቸው ቶሎ ይደርሳሉ ወይ... አይቼ መሻሻል ያለበትን እጽፋለሁ።

አለቃው ዱዌን ገና በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነገረኝ። ግምገማው ካላማረ ኮሌጁ ሁሉንም አሰናብቶ ሥራውን ለውጭ ድርጅት ይሰጣል። ስለዚህ ያልኩትን ሁሉ ወዲያው ያስተካክል ነበር። አምፖል ተቃጥሏል ስለው መሰላል ይዞ ይወጣል።

ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ሥራቸውንም ያውቃሉ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም።

ፈረቃ ሲቀየር፣ ቢሮው ውስጥ ሬዲዮ ላይ የሚቀመጡት ወይዘሮ ቨርና የጠባቂዎቹን ቁጥር በተራ ይጠራሉ። የተጠራው «አለሁ» ይልና ያለበትን ቦታ ይናገራል፤ ስፖርት ቤት ከሆነ «ጂም» ይላል።

«ስምንት?»

«አለሁ። ጂም።»

«ዘጠኝ?»

...

ዝም።

ወይዘሮ ቨርና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ በረጅሙ ተንፍሰው ይቀጥላሉ።

«አስር?»

ዘጠኝ ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ይጠሩታል?»

«አለመመለሱን ለማወቅ ነው፣ ልጄ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩን ያስረዳኝ ዱዌን ነው፤ እሱም እያፈረ። ድሮ፣ ጥሪ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ዘጠኝ ቁጥር የነበረ ጠባቂ ቤተ መጻሕፍቱ ሥር ወዳለው የማሞቂያ ቧንቧ ዋሻ ወረደ። አልወጣም። ሌሎቹ ፈረቃቸውን ጨርሰው ወደየቤታቸው ሄዱ። አለመውጣቱን ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ሬሳውም አልተገኘም። ጥሪው የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቁጥሩን ግን ለማንም አልሰጡትም።

እኔም የመሰለኝን ጻፍኩ። የሌለ ሰው በየቀኑ መጥራት ጆሮን ዝምታ ያለማምደዋል። በጥበቃ ሥራ ላይ ደግሞ ዝምታ ማለት አንድ ሰው አደጋ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ቁጥሩ ወይ ይሰረዝ፣ ወይ ለሰው ይሰጥ አልኩ።

ዱዌን በማግስቱ ለብሪታ ሰጠው።

ብሪታ ከሁሉም አዲሷ ናት። ቁጥሯ አስራ ሁለት ነበር። ነገሩ አሳቃት።

«ሰውዬው ቅር ካለው ያናግረኝ። ግን ሬዲዮ ላይ እኔን የሚቀድም የለም» አለች። ወደ እኔም ዞራ፣ «አንተ ፈታኝ፣ ዛሬ ካለፍኩ ያቺን ፓይ አስቀምጥልኝ» ብላኝ ወጣች።

ወይዘሮ ቨርና አልጠራም ብለው ነበር። ዱዌን ስለ ሁሉም እንጀራ ብሎ ለመናቸው።

አስር ሰዓት ሆነ።

«ስምንት?»

«አለሁ። ጂም።»

ወይዘሮ ቨርና አንዴ አዩኝ። ከዚያ ቁልፉን ተጫኑ።

«ዘጠኝ?»

...

«አለሁ።»

የወንድ ድምፅ ነው። ዝቅ ያለ፣ የሻከረ... ደስ ያለው ሰው ድምፅ።

«ቤተ መጻሕፍቱ ሥር።»

ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

ወዲያው የብሪታ ድምፅ ገባ። «ዘጠኝ፣ አለሁ! ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነኝ። ማነው የሚቀልድብኝ?»

«ብሪታ» አሉ ወይዘሮ ቨርና በሹክሹክታ። «ከዚያ በር ራቂ። አሁኑኑ።»

«ቆይ... ውስጥ ሰው አለ።»

«ራቂ ብዬሻለሁ።»

«የእኛን ጃኬት ለብሷል። ግን አሮጌ ነው፣ ቀለሙም እንደኛው ሳይሆን ቡናማ።» ድምፅዋ ቀነሰ። «ምልክት እያሳየኝ ነው።»

ዱዌን ሬዲዮውን ቀማቸው። «የምን ምልክት?»

...

«ጣቱን አፉ ላይ አድርጓል... ዝም በይ እያለኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ አልመለሰችም።

ዱዌን ወደ በሩ ሮጠ። እኔም ተከተልኩት። ገና ከክፍሉ ሳንወጣ ከኋላችን ወደ ቧንቧው ዋሻ የሚያወርደው የምድር ቤት በር ሲከፈት ሰማን።

ብሪታ ናት።

ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ዱዌን ግድግዳውን ተደገፈ። እኔም እፎይ አልኩ።

ከዚያ ጫማዋን አየሁ።

ደረቅ ነው።

በመስኮቱ አየሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ እኛ በር ያለው በረዶ አንሶላ ይመስላል። የሰው ዱካ የለበትም።

«በየት ነው የመጣሽው?» አልኳት።

ፈገግ አለች ብቻ።

ወይዘሮ ቨርና ከእሷ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሬዲዮውን ከዱዌን እጅ ወሰዱ።

«አስራ ሁለት?» አሉ።

በቀድሞ ቁጥሯ።

...

«አለሁ...» አለ ሬዲዮው።

የብሪታ ድምፅ ነው። ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ብሪታ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም።

«አለሁ... የት እንደሆንኩ አላውቅም። ጨለማ ነው። ግን ይሞቃል። በሩን ማነው የዘጋው?»

ዋሻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽነው። ፖሊስም ፈተሸው። ቧንቧ ብቻ ነው። ለፖሊሶቹ ምን እንላቸዋለን? ጠፋች የምንላት ልጅ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። ሐኪም አያት፤ ደህና ናት፣ ደንግጣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነው አለ።

ግምገማውን ጽፌ አስረከብኩ። ጥበቃ ክፍሉ አለፈ። ማንም ከሥራው አልተባረረም፤ ቢሮው ውስጥ የምትቀመጠው ያቺ ብሪታም ጭምር።

ባለፈው ሳምንት ለወይዘሮ ቨርና ደወልኩላቸው። የጥሪው ሰዓት እንደነበር ዘንግቼው ነው። «ቆየኝ፣ ልጄ» ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ተሰማኝ።

«ስምንት?»

«አለሁ።»

ዘጠኝን አልጠሩም። ዘለሉት።

አስርን ጠሩ። አስራ አንድን ጠሩ።

«አስራ ሁለት?»

...

«አለሁ...» ከሩቅ። በጣም ደክሞ። «ወይዘሮ ቨርና... አሁንም አልከፈታችሁልኝም?»

ከዚያ ከስልኩ አጠገብ... አፉን ማነጋገሪያው ላይ ያስጠጋ የሚመስል አንድ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣

«እሽሽሽ...» አለኝ።