ፍሟን ያዳፈነችው

እናት ፍም በጠፋችበት ማለዳ የቤተ ኪን ደወል ማንም ሳይነካው ጮኸ። ድምፁን የሰሙ ሁሉ ወደ አዳራሹ ሮጡ፤ በታላቁ ምድጃ ውስጥ ያገኙት ግን ቀዝቃዛ አመድ ብቻ ነበር።

ቤተ ኪን የዋርዜማ መንግሥት ወጣቶች ብረት መቀጥቀጥ፣ ድንጋይ መጥረብና እንጨት ማነፅ የሚሠለጥኑባት ስፍራ ናት። በመካከሏ የመጀመሪያው ንጉሥ ከጎምዛ ተራራ ያወረዳት ፍም ለዘመናት ሳትጠፋ ኖራለች። ሥልጠናውን የፈጸመ አንጥረኛ ከእርሷ ተካፍሎ የራሱን ምድጃ ይለኩሳል። ከእርሷ ባልተለኮሰ እሳት የተሠራ ማረሻ መሬት ሲነካ እንደ ገል ይሰባበራል፤ የጠራቢው መሮና የአናጢው መጋዝም ዕጣቸው ያው ነው።

«ተሰርቃለች!» አሉ መምህር ኬርማ፣ የፍሟ ጠባቂ።

ማንም ሊከራከራቸው አልቻለም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከመጋረጃ ጀርባ ገብተው ፍሟን በአመድ የሚያዳፍኑት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። የጠባቂነት መሐላቸው ከባድ ነው፤ በሞት አፋፍ ላይ ሳልሆን የማዳፈኑን ምስጢር ለሌላ ባሳይ እጆቼ አመድ ይሁኑ ብለው ምለዋል። በዋርዜማ ደግሞ መሐላ ቃል ብቻ አይደለም፤ የተማለው ይፈጸማል።

መምህራኑ ሠልጣኞቹን አሰልፈው መዳፋቸውን መመርመር ጀመሩ። አንጥረኛ ሊሆን የመጣ ልጅ መዳፉ ላይ ቃጠሎ ባይገኝ ነበር የሚያስጠረጥረው፤ ግን የደነገጠ ሰው ይህን አያስብም። ትርንጎ የምትባለው ሠልጣኝ ቀኝ መዳፏ ላይ ትኩስ ቁስል ተገኘ።

«ትናንት ጉጠት ይዤ ነው የተቃጠልኩት» አለች።

«ማን አየሽ?» አሏት ሊቀ ኪን ዳርጌ፣ የቤቱ አለቃ።

ማንም አላየም። አብረዋት ሲበሉ የነበሩት ልጆች እንኳ አንድ እርምጃ ሸሸት አሉ። ሊቀ ኪን ዳርጌ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ክረምት ሳይገባ ፍሟ ካልተመለሰች ቤተ ኪን ትዘጋለች! ሠልጣኝ ሁሉ ወደ መጣበት ይበተናል!»

ትርንጎ የመጣችው ከጨው ሜዳ ነበር። እዚያ ብትመለስ ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ስትጭን እንደምትኖር ታውቃለች። እርሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የራሷ ምድጃና የራሷ መዶሻ። ወደ ፊት ወጥታ ቀዝቃዛውን አመድ ግንባሯ ላይ ቀባች።

«በዚህ አመድ እምላለሁ! ፍሟን ሳልይዝ ይህን ደጃፍ አልረግጥም። ብዋሽ መዶሻ ይክዳኝ!»

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ መምህር ኬርማ ፈጠን ብለው። «ዓይኔን ከእርሷ ላይ አላነሳም።»

ሦስተኛው መንገደኛ ደንገል ሆነ፤ ድንጋይ ጠራቢ ሠልጣኝና የትርንጎ የልብ ወዳጅ። ቢሆንም ከከተማዋ በር ጀምሮ ከኋላዋ እንጂ ከጎኗ አልሄደም።

«አንተም ትጠረጥረኛለህ?» አለችው ዞር ብላ።

«አላውቅም ትርንጎ። ባልጠረጥርሽ ደስ ይለኝ ነበር።»

ያ መልስ ከቃጠሎው በላይ አመማት። ቢሆንም ጥርጣሬ ተላላፊ ነውና እርሷም መምህር ኬርማን በጎን ማየት ጀመረች። ሽማግሌው ዱካ አይፈልጉም፣ መንገደኛ አይጠይቁም፤ ቀጥ ብለው ወደ ጎምዛ ተራራ ነው የሚወጡት። በነጠላ የሸፈኑት የሸክላ ማሰሮም ከብብታቸው አይለይም።

«ጌታዬ፣ ሌባው በዚህ እንደሄደ በምን አወቁ?»

«ዝም ብለሽ ተከተይ!»

«ማሰሮውን ልያዝልዎ? እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«አትንኪው አልኩሽ!» ብለው ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

በዚያን ጊዜ ፍሟ የት እንዳለች ያወቀች መሰላት። ለደንገል በሹክሹክታ ነገረችው፤ እርሱም መሮውን ከጀርባው አውጥቶ በመቀነቱ ሻጠ። መሮውን በማን ላይ ሊያነሳ እንዳሰበ ግን አልነገራትም።

ከተራራው ወገብ ላይ የጉም ጅቦች መጡባቸው። እነዚህ አውሬዎች ሥጋ አይበሉም፤ እሳት ነው የሚበሉት። የጭላንጭል ሽታ እንኳ ቢደርሳቸው ተንጋግተው መጥተው ውጠውት ይሄዳሉ፤ መካከላቸው የቆመውንም ሰው ይረጋግጡታል። ሦስቱም በድንጋይ ሥር ተጣበቁ። አንዱ ጅብ ቀዝቃዛ አፍንጫውን በመምህር ኬርማ ማሰሮ ላይ አሳረፈ፣ አሸተተ፣ ከዚያም ምንም እንዳልነበረ አልፎ ሄደ።

ትርንጎ ግራ ገባት። ማሰሮው ባዶ ነበር። ታዲያ ባዶ ማሰሮ እንደ ሕፃን ታቅፎ ተራራ የሚወጣ ሰው ምን አስቦ ነው? አሁን ከበፊቱ የበለጠ ፈራቻቸው።

ከጫፉ ላይ ዋሻ አለ፤ በዋሻውም ውስጥ ሙሪት የምትባል ቤት የምታህል ኤሊ ተኝታለች። በድንጋይ ልብሷ ስንጥቆች ቀይ ብርሃን ይወጣል። አንገቷን ቀስ ብላ አወጣች፤ ድምፅዋ መሬቱን አንቀጠቀጠው።

«ልጄን ማን ገደላት?»

ደንገል ሳያስበው ትርንጎን አየ። ትርንጎ ግን መምህሯን ነበር የምታየው። ሽማግሌው ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጠው ተንበረከኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሌባ የለም። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ሳዳፍናት መተንፈሻዋን ደፈንኩባት፣ ታፍና አደረች። መሐላው አስሮኝ እርዱኝ የምለው ሰው አልነበረኝም። አፈርኩ። ተሰረቀች አልኩ።»

ትርንጎ ወደ ሽማግሌው ተጠጋች። «መዳፌን ሲመረምሩኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዝም አሉ!»

«ዝም አልኩ፣ ልጄ።»

ተናደደች። ደንገል ክንዷን ሊይዝ ሲል መነጨቀችው፤ እርሱም ቢሆን ማፈሩ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ሌላ ልጅ አለችኝ» አለች ሙሪት። «ግን በሚንቀጠቀጥ እጅ አልሰጣትም። ከልክ በላይ ከሸፈናችኋት ትሞታለች፤ አመዱን ካሳነሳችሁ ጅቦቹ ይውጧታል። የሚያዳፍናት ማን ነው?»

መምህር ኬርማ እጆቻቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ብዙ ማረሻ፣ ብዙ የበር ማጠፊያ ያወጡ እጆች ነበሩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ትርንጎ፣ ነይ ተቀመጪ። ደንገል፣ አንተም ተጠጋ። አንዴ ብቻ ነው የማሳያችሁ፤ እንዳታለቅሱ፣ እንባ አመዱን ያረጥበዋል።»

«ጌታዬ፣ መሐላው!» አለች ትርንጎ። ቁጣዋ ባይበርድም ይህን አልፈለገችም።

«እጄን ተመልከቺ እንጂ ፊቴን አትዪ!»

ሙሪት ትንፋሿን ስትለቅ ቀይ ፍም ማሰሮው ውስጥ ወደቀች። ሽማግሌው ከዋሻው ወለል አመድ ዘግነው በጣታቸው እያሹ አላሙት፣ ከሥሯ አነጠፉት፤ ጣቶቻቸውም ከጫፋቸው መገርጣት ጀመሩ። ፍሟን አስተኟት፤ መዳፋቸው ተሰነጠቀ። ደቃቁን ከላይ ነሰነሱት፤ የግራ እጃቸው በአመዱ ላይ አመድ ሆኖ ፈሰሰ። በቀኝ እጃቸው በቀረችው አንድ ትንሽ ጣት መተንፈሻውን ከነፋሱ ተቃራኒ ወጉት።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

ጣቲቱም ረገፈች።

መመለሻው ከመውጫው ከበደ። ትርንጎ ማሰሮውን ታቅፋ፣ ደንገል መምህሩን አዝሎ ወረዱ። የጉም ጅቦች ከበቧቸው፤ አፍንጫቸውን ማሰሮው ላይ ደፉ፣ አሸተቱ፣ ተጠራጠሩ፣ ተመልሰውም አሸተቱ። ጅቦቹ በመጨረሻ ተሰላችተው በጉሙ ውስጥ ጠፉ። በነጋ ጊዜ አመዱን ገለጥ ስታደርገው ፍሟ ቀልታ አየቻት፤ ያኔ ማንም ሳይከለክላት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

የክረምቱ የመጀመሪያ ደመና ሲያንዣብብ ቤተ ኪን ደረሱ። መምህር ኬርማ በጉባኤው ፊት ባዶ እጅጌያቸውን ዘርግተው እውነቱን አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሠልጣኞቹ አንገታቸውን ደፉ። መምህራኑ ግን ገና ፊታቸው አልተፈታም፤ ምስጢሩን ሁለት ልጆች እንዳወቁት ሲሰሙ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እንግዲህ አዲሷ ጠባቂ አንቺ ነሽ» አሉ ሊቀ ኪን ዳርጌ። «ጓደኛሽ ይውጣና መሐላውን ማዪ።»

«አልምልም» አለች ትርንጎ።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ምን አስበሽ ነው? ፍሟን ለብቻሽ ልታስቀሪ ነው?» አለ አንድ መምህር ከኋላ።

ትርንጎ ከሠልጣኞቹ መካከል ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ማሰሮውን ከፈተች። «ኑ ክበቡኝ፣ ተጠጉ» አለቻቸው። መጀመሪያ የቀረቡት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሌሎቹ ያ እርግማን በእርሷም ላይ እንዳይወርድ ፈርተው ቆሙ። እጆቿን እያዩ ነበር፤ መምህራኑም እጆቿን ነበር የሚያዩት። እርሷ አመዱን አላመች፣ አነጠፈች፣ ፍሟን አስተኛች። ጣቶቿ እንዳሉ ነበሩ። ያኔ ሁሉም እየተጋፉ ቀረቡ።

ከሕዝቡ ጀርባ ሁለት ባዶ እጅጌዎች ሰውን ገፋ ገፋ እያደረጉ መጡ።

«አመዱ በዛ!» አሉ መምህር ኬርማ፣ በዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳፈንን በጉባኤ ፊት እያስተማሩ። «ቀነስ አድርጊው እንጂ፣ ልጄ!»

ትርንጎ ቀነሰች።