ለእንግዳ የተደለደለው መንገድ

ኢፍቱ ጉተማን መጀመሪያ ያየችው በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ሲበላ ነው። መንገድ ሊያይ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ሰው፣ በጎረቤቷ በወይዘሮ ዘሃራ በር ላይ ወንበር ተሰጥቶት፣ ጉንጩን ሞልቶ! ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። መልከ መልካም ነው፤ ልቧ ድንግጥ አለ። ኋላ ይህን ስትክድ ኖራለች፤ እኛ ግን እናውቃለን።

ወዲያው መንገዱን አየችና የልቧን ነገር ረሳችው።

ጊዜው ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከወረሰ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ናዝሬት ያለው ያ ሰፈር ድሮ የአንድ ባለርስት ነበር። መሬቱን ሸንሽኖ ሲሸጥ የውስጥ መንገዶቹን ለራሱ አስቀርቶ ነበርና፣ እሱ ተወርሶ ሲሄድ መንገዶቹ ባለቤት አጡ። ማዘጋጃ ቤቱ «የግል ናቸው» ይላል፤ ሰፈርተኛው «የማን የግል?» ይላል። በዚህ መሀል ጎርፍ ቦረቦራቸው።

የኢፍቱ አባት አቶ ፈዬራ የከባድ መኪና ሾፌር ሳሉ አንድ እግራቸውን በአደጋ ያጡ ሰው ናቸው። ያንን ጭቃ በክራንች መሻገር ስለማይችሉ፣ ክረምት ከገባ እስከ መስከረም ከቤት አይወጡም። አስተማሪዋ ኢፍቱ ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን እንዲረከብ ደጅ የጠናችው ለሳቸው ስትል ነበር።

ዛሬ ግን ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም! የሰፈሩ ሴቶች በማለዳ ወጥተው በቀይ ጠጠር ሞልተውታል፣ ጠርገውታል፣ ውሃ አርከፍክፈውበታል።

«ምን አደረጋችሁ?» አለች ኢፍቱ፣ ወደ ወይዘሮ ዘሃራ ጆሮ ጠጋ ብላ።

«እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ? ምን ይለናል ብለን ነው!»

እሱ ፊት ብትናገር ጎረቤቶቿን ማሳፈር ሆነባት። ከሴቶቹ ጎን ሄዳ ቆመች።

«መንገዳችሁስ ደህና ነው» አለ ጉተማ ፈገግ ብሎ።

ሰኔ ሲገባ መልሱ መጣ። መንገዱ በደህና ይዞታ ላይ ስላለ ነዋሪው ራሱ እየጠበቀው ይቀጥል ተባለ። ኢፍቱ በንዴት ጉተማ ቢሮ ገባች።

«ጭኮ በልተው ፈረዱብን!»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት፣ እህቴ።»

«ያዩት ለእንግዳ የተለበሰ ልብስ ነው! አባቴ ክረምቱን ሙሉ መስኮት ስር ቁጭ ብለው ይከርማሉ... እሱን አላዩም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

እንባዋ ሳይቀድማት ጥላው ወጣች።

ቅዳሜ ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ወረደ፤ የሴቶቹን ጠጠርም ጠርጎ ወሰደው። ከሰዓት በኋላ የነኢፍቱ በር ተንኳኳ። ጉተማ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ አንድ ጫማ በእጁ።

«ሌላኛውስ ጫማ?»

«መንገዳችሁ ወሰደው።»

ልትስቅ አልፈለገችም ነበር፤ ሳቋ አመለጣት።

«ኮቱ፣ ግባ ልጄ!» አሉ አቶ ፈዬራ ከመስኮቱ ስር።

ጉተማ ክራንቹን አየ፤ ውጪ ያለውን ጭቃ አየ። አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ ተሳስቻለሁ። ሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቆሜ እንደዚሁ እላለሁ።»

«ተው ልጄ! ሰፈርተኛው ገዛው ይሉሃል። አሻጥረኛ ካሉህ ደግሞ... ዘመኑን ታውቀዋለህ።»

«አውቃለሁ።»

ሻይ ስትሰጠው ስኳር ሳይጨምር ማማሰል ጀመረ። ፈርቷል፤ ግን አላፈገፈገም። ከልቧ የወደደችው ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ ኮሚቴው አፋጠጠው። «በስንት ተገዛህ?» አሉት። «ኑና ራሳችሁ እዩት» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ማክሰኞ መጡ። ሴቶቹማ ደግሞ አካፋ ይዘው ወጥተው ነበር!

«ማንም አንድ ጠጠር እንዳይነካ!» ብላ ኢፍቱ መንገዱ ላይ ቆመች።

የኮሚቴው መኪና ብዙም ሳይሄድ ጭቃው ውስጥ ተቀረቀረ። ሊቀመንበሩ ራሱ ወርዶ ከሰፈርተኛው ጋር ገፋ። ላቡንና ጭቃውን እየጠረገ፣ «በቃ፣ መንገዱን ማዘጋጃ ቤቱ ይረከበዋል!» አለ። የእልልታው ነገር አይነሳ!

መስከረም ሲጠባ ግሬደር ገባ። ሥራው ያለቀ ዕለት ጉተማ ኢፍቱን እስከ ቤቷ ሸኛት።

«እስካሁን ዝም ያልኩት ውለታ የምጠይቅ እንዳይመስልሽ ፈርቼ ነው» አለ።

«እኔም ለውለታ ብላ ነው እንዳትለኝ ፈርቼ...»

ሁለቱም ሳቁ።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«ምን ትጠብቃለህ? ላክ!»

በወጉ የልጅቷ አባት ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሽማግሌዎቹንም በቀጠሮ ያመላልሳል። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት እሁድ ግን ኢፍቱ ወደ ጓዳ ገብታ ስትመለስ የአባቷ ወንበር ባዶ ነው። ደንግጣ ወደ ደጅ ሮጠች። አቶ ፈዬራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በክራንቻቸው ተደግፈው፣ ከሰፈሩ መውጫ አስፋልቱ ዳር ሽማግሌዎቹን ተቀብለው ቆመዋል።

«ኧረ አቶ ፈዬራ! ቤትዎ ሆነው ነው እንጂ!» ይላሉ ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው።

«ስንት ክረምት ቤት ተቀመጥኩ! ዛሬ እንግዳዬን ወጥቼ ልቀበል። ቀጠሮም የለም፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። መንገድ ስላሠራ እንዳይመስላችሁ። ተሳስቻለሁ ማለት የሚችል ሰው ስለሆነ ነው።»

ከፊት ሆነው እየመሩ ወደ ቤት መጡ፤ ማንም አልደገፋቸውም። ኢፍቱ በሩ ላይ ቆማ እንባዋ እየወረደ፣ «ተመስገን... ተመስገን» ትል ነበር።