ሂሩትን ያልጠራው ዕጩ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት በየካቲት ወር፣ የሐዋሳ ሐይቅ በረፋዱ ነፋስ ሲናወጥ፣ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ኩማ የነዋሪነት ማስረጃቸውን ይዘው ወደ ምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት ገቡ፤ ለክልሉ ምክር ቤት በግል ለመወዳደርም ቅጹን ሞሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሰባት ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ከዕድር ጸሐፊነት በቀር ሹመት አምሯቸው አያውቅም።

ለዚህ ያበቃቸው ሐዘን ነበር። ባለፈው ክረምት አንድያ ልጃቸው ሂሩት ከቡሹሎ ወዲያ ካለው የባሏ ቤት ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ስትጓዝ፣ የተሳፈረችበት ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ እዚያው መንገድ ላይ እሷም ጽንሱም አለፉ።

የምርጫ ወኪላቸው የሆነው የቀድሞ ተማሪያቸው ይልማ ነበር። አንድ ቀን መናኸሪያ ሰፈር ቀስቅሰው ሲመለሱ እንዲህ አላቸው፦

«ጋሼ፣ ሕዝቡ የካርታ ትምህርት አይፈልግም። የሂሩትን ነገር ይንገሩት፤ አልቅሶ ይመርጥዎታል።»

«በልጄ ሬሳ ድምፅ አልለምንም» አሉ መምህር ኩማ፤ «መንገዱ መሠራት ያለበት የእኔ ልጅ ስለ ሞተችበት ብቻ አይደለም።»

እንዳሉትም አደረጉ፤ በየሰፈሩ ስለ ጠጠርና ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲያስረዱ ከረሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበች የሐዘን ጥቁራቸውን እንደ ለበሱ ከኋላ ወንበር ይቀመጡ ነበር፤ አንድም ስብሰባ አላመለጣቸውም።

በአንድ አዳራሽ በተደረገው የመጨረሻ ስብሰባ አንዲት እናት ተነሥተው ጠየቁ፦ «ለመሆኑ መምህር፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን አስነሣዎት?»

መምህር ኩማ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጡ፤ ወይዘሮ ተዋበች ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«የዜግነት ግዴታዬ ነው» አሉ መምህሩ። ሰዉ በይሉኝታ አጨበጨበ፤ ወይዘሮ ተዋበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ።

ሰኔ ዐሥራ አራት ቀን ድምፅ ተሰጠ፤ ውጤቱም በየጣቢያው ግድግዳ ተለጠፈ። መምህር ኩማ የአሸናፊውን ድምፅ ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ አላገኙም። ቤታቸው ገብተው ባርኔጣቸውን አወለቁና፣

«ተሸነፍን ተዋበች» አሉ።

«እኔ የተሸነፍሁት ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ነው» አሉ ወይዘሮ ተዋበች። «ከቀበርናት ወዲህ በዚህ ቤት ስሟን አንሥተህ አታውቅም። ሰው ፊት እንኳ ይጠራታል ብዬ ነው በየስብሰባው የተከተልሁህ። ይምረጡህ ብዬ አልነበረም፤ ልጅ ነበረችን ስትል ልሰማህ ነው።»

መምህር ኩማ እጃቸውን ዘረጉላቸው። ወይዘሮ ተዋበች አልሸሹም፤ አልያዙትምም። መምህሩ ስሟን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን እንደ ሕፃን አለቀሱ።

የዚያ ዓመት የምርጫ መዝገብ መምህር ኩማን ከተሸናፊዎች ተራ አስፍሮ አልፏል። ታሪክ ማን እንደ ተመረጠና ማን እንደ ወደቀ ይጽፋል፤ ሰው ስለ ማን ብሎ እንደ ተነሣ ግን፣ ራሱ ካልተናገረ፣ ከወዴት ያገኘዋል?