ዝም ያሉት አዋላጆች

ሲስተር ዘመናይ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ናት። ሥራዋን ትወዳለች፤ ከሁሉ ቀድማ ትገባለች፣ ከሁሉ ኋላ ትወጣለች። በየወሩም ባልደረቦቿን ሰብስባ ግምገማ ታደርጋለች። በግምገማው ግን የምትናገረው እሷ፣ የሚያዳምጡት እነሱ ነበሩ።

አንድ ቀን ደመላሽ የሚባል አዋላጅ ነርስ እጁን አወጣ።

«ሲስተር፣ የደም ማቆሚያው መድኃኒት ያለበት ፍሪጅ ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። እርስዎ በሌሉበት ብንቸገርስ? ተረኛው ቢይዘው አይሻልም?»

«መድኃኒት ሲጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው? ገና ትናንት መጥተህ ሥራ ልታስተምረኝ ነው?» አለችው።

ደመላሽ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ «አስተያየት ያለው?» በተባለ ቁጥር ሁሉም ወለል ወለሉን ያያል። ዘመናይ ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጠረችው።

አንድ እሑድ ጠዋት ማሬ የምትባል የገበሬ ሚስት የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላገለች። ወዲያው ግን ደሟ አልቆም አለ። ተረኞቹ ደመላሽና ባልደረባው ፈውዚያ ነበሩ። ፍሪጁ ተቆልፏል። ዘመናይ ቅዳሴ ላይ ናትና ስልኳን አጥፍታለች።

«እንስበረው» አለች ፈውዚያ የማሬን ሆድ በሁለት እጇ እንደተጫነች።

ደመላሽ የዘመናይ ቁጣ ትዝ አለውና ፈራ። ባጃጅ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። ቁልፉ ሲደርስ ማሬ ራሷን ስታ ነበር። መድኃኒቱ ቢሰጣትም ደሟ ስላልቆመ በአምቡላንስ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተወሰደች። ነፍሷ ተረፈች፤ ማህፀኗ ግን በቀዶ ጥገና ወጣ።

በማግስቱ ዘመናይ ሆስፒታል ሄደች። ማሬ ሕፃኗን ታቅፋ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር፤ ያተረፋችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለቻት። ዘመናይ ምስጋናውን መቀበል አልቻለችም። የቁልፉን ነገር አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። ማሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዘመናይ ስትመለስ ባልደረቦቿን ሰበሰበች።

«ደመላሽ ነግሮኝ ነበር፤ አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ ተረኛው እጅ ይሆናል። ሌላስ እኔ ያላየሁት ምን አለ?»

ዘመናይም ጠበቀች። በመጨረሻ ፈውዚያ አንገቷን ደፍታ፣ «ሲስተር፣ ወላዶች ፊት ሲቆጡን ሥራው ይምታታብናል። እነሱም ይፈራሉ» አለች።

የዘመናይ ፊት ተለዋወጠ። ምላሷ ላይ የደረሰውን መልስ ዋጠችው።

«ይህን አላወቅሁም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ቀጥዪ፤ እየሰማሁሽ ነው።»

ወገኖቼ፣ «አስተያየት ካላችሁ» ብለን የምንጠይቅ አለቆች ብዙ ነን፤ የሚመጣውን ለመስማት የምንችል ግን ጥቂት ነን። የተናገረውን ስናሸማቅቅ ጉዳቱ በእሱ ላይ አይቆምም፤ ነገ በራችንን አንኳኩቶ የሚገባውን ሰው ያገኘዋል። በዚያ ክፍል ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩን የሚያውቁት ፈሩ፣ መፍትሔው በእጇ የነበረው አልሰማችም። ማሬ ሁለተኛ ልጅ አትወልድም።