ከስልሳ ሦስቱ ሃያ ሁለቱ

እኔ ሰው የምጠረጥረው ለደሞዝ ነው። ጅዳ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ፣ የምርምር ክፍል ውስጥ፣ የመምህራንን ፋይል አጣራለሁ። ኮንትራታቸው ሊታደስ ሲል ጥናታቸውን ስንት ሌላ ተመራማሪ እንደጠቀሰው እቆጥራለሁ፤ ራሱን በራሱ የጠቀሰውን፣ ጓደኛ ከጓደኛ ተዋውሎ የጠቀሰውን እሰርዛለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ከሠራሁ ወዲህ «ደህና አደርሽ» የሚለኝን ሰው እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

ሚፍታህ ካሳ ወደ ቢሮዬ የመጣው ከዒድ በኋላ ነው። የደሴ ልጅ፣ የኳንተም ኮምፒዩተር ሰርኪት የሚነድፍ መምህር። ከእናቴ ጋር በስልክ በአማርኛ ስጨቃጨቅ ሰምቶ በሩ ላይ ቆመ።

«የወሎ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«የመካ ልጅ ነኝ። ጀርወል ነው የተወለድኩት። ምን ልርዳህ?»

«ምንም» አለና ሄደ። በማግስቱ የናዕናዕ ቅጠል ያለው ሻይ ይዞልኝ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። እኔን ያየኛል፤ ቀና ስል ደግሞ ብርጭቆውን ያያል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን የዚህ ሰው ፋይል መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በኒ ማሊክ ሰፈር አብራኝ ቤት የተከራየችው ዚነት ነገሩን ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ሀሰና፣ ይሄ ሰውዬ የሚወደው ፋይሉን ነው» አለችኝ።

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ወረቀት ላይ መስመር እያሰመረ አስረዳኝ። ኳንተም ኮምፒዩተር ገና ስስ ማሽን ነው፤ እያንዳንዷ ተጨማሪ እርምጃ ስህተት ታመጣለች። የሱ ድካም ያንኑ ስሌት ባነሰ እርምጃ የሚጨርስ ሰርኪት መንደፍ ነው። «ትርፉን ማስወጣት ነው በቃ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባትሽ ጋ ሽማግሌ ብልክ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ።

«ፋይልህ ሳይዘጋ ሽማግሌ እንዳትልክ።»

ፊቱ ጠቆረ። ምን አስቸኮለው? ብዬ አደርኩ።

በዚያው ሳምንት ፋይሉን ከፈትኩት። ስልሳ ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል ይላል። ለማደስ ሠላሳ ይበቃል። አንድ በአንድ ሳያቸው ግን አርባ አንዱ የሱ አይደሉም። እኛ ሐበሾች የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ ያለው የአባታችን ስም ነው። ጥቅስ የሚቆጥረው ድረ ገጽ ይህን አያውቅም። «ካሳ»ን የቤተሰብ ስም አድርጎ ከራሱ ስም የመጀመሪያዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ይይዛል። አውሮፓ ደግሞ ምንተስኖት ካሳ የሚባል ሌላ የሰርኪት ተመራማሪ አለ። ድረ ገጹ ሁለቱንም «ኤም ካሳ» ብሎ አንድ ሰው አድርጓቸው የምንተስኖት ጥቅስ ሁሉ ሚፍታህ ላይ ተከምሯል።

ጥፋቱ የድረ ገጹ ነው። ግን ሰው የራሱን ጥናት ማን እንደጠቀሰው አያውቅም? ልፈትነው አልኩ።

«ስንት ጊዜ ተጠቅሰሃል?» አልኩት ሻዩን ሲያስቀምጥ።

«ፋይሉ ውስጥ የለም?» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

አበቃ፣ አልኩ በልቤ። ሌባ ነው። ያን ቀን ሻዩን አልጠጣሁትም።

ጁምዓ ቀን መካ ቤተሰቦቼ ጋ ሄድኩ። አባቴ አብዱረሺድ ጀርወል ውስጥ ሐጅ አድራጊ የሚለብሰውን የኢሕራም ልብስ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ለሚፍታህም አንድ ቀን ሻይ ላይ ነግሬው ነበር። ስደርስ ሚፍታህ አባቴ ፊት ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳና «ደህና ይዋሉ አባባ» ብሎ በአጠገቤ አልፎ ወጣ። ደሜ ፈላ።

«ምን ሊል መጣ? ሽማግሌ እንዳይልክ ነግሬው ነበር።»

«ሽማግሌ አልላከም» አለ አባቴ ጨርቁን እያጠፈ። «ልጅዎን ልጠይቅ አስቤያለሁ፣ ግን ሥራዬ የሚቀጥል አይመስለኝም፣ ይህን ሳይሰሙ እንዳይታለሉ ብዬ መጣሁ ነው ያለኝ። ፋይሉ ላይ ያለው ቁጥር የኔ አይደለም ብዬ ለአለቃው ጽፌያለሁ አለ። ረመዳን ሳይገባ።»

«አመንከው?»

«ወላሂ አመንኩት። ሰው የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን በሚያሳጣው ነገር ዋሽቶ ምን ያገኛል?»

አባቴ ሰው ያምናል። እኔ የማምነው ወረቀት ነው። እሑድ ጠዋት ቱርኪ የሚባለው ዳይሬክተራችን ቢሮ ገብቼ ደብዳቤውን ጠየቅኩ። ከመሳቢያው አወጣልኝ። ቀኑን አየሁት፤ ከመጀመሪያው ሻይ ሰባት ሳምንት ቀድሞ የተጻፈ ነው። አርባ አንዱ የምንተስኖት ካሳ ናቸውና ይቀነሱልኝ ይላል።

«ኸላስ፣ ተይው» አለኝ ቱርኪ በዐረብኛ። «ትልቁ ቁጥር ለኮሌጁም ጥሩ ነው። ስልሳ ሦስት ብለሽ ፈርሚ።»

ብፈርም ሚፍታህ እዚሁ ይቀርልኛል፤ ሻዬም በየቀኑ ይመጣል። ሃያ ሁለት ብዬ ከጻፍኩ የማባርረው በገዛ እጄ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ቆየሁ። የሱ የሆኑትን ሃያ ሁለቱን ጥቅሶች እንደገና አነበብኳቸው። አንዲት ህንዳዊት ተመራማሪ ንድፉን ማሽን ላይ ሞክራ እንደሠራላት ጽፋለች። ይህ ሰው «የኔ አይደለም» ብሎ የመለሰውን እኔ መልሼ ባሸክመው፣ ምኑን ወደድኩት? ሃያ ሁለት ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ውሳኔው በአሥረኛው ቀን መጣ፤ ኮንትራቱ አይታደስም። ሚፍታህ እንደ ወትሮው ሻይ ይዞ ገባ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ፋይሌ አንቺ እጅ ነው። ብነግርሽ አዝነሽልኝ ልትደብቂ ትችያለሽ። እሱን ልጠይቅሽ አልፈለግኩም።»

«እኔኮ ሌባ ነህ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሻዩን ሳትጠጪው ስትቀሪ ገባኝ።»

ዓይኑን ቀና አድርጎ አየኝ፤ በዚህኛው ቀን ወደ ብርጭቆው አልሸሸም። ማህደሩን ፊቱ ዘጋሁት።

«ፋይልህ ተዘጋ» አልኩት። «አሁን ሽማግሌ ላክ።»

«ሥራ የለኝም እኮ ሀሰና። ሁለት ወር ነው የቀረኝ። ወደ ደሴ ነው የምመለሰው።»

«ደሴም ቢሆን። ሃያ ሁለቱን አንድ በአንድ አጣርቻቸዋለሁ፤ ሁሉም የራስህ ናቸው።»

ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ቀዝቅዞ ነበር፤ ጠጣሁት።