ቀድሞ የነካው ዱላ

ፍቅር እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ ውሃ ገብተው አያውቁም። ዳር ቆሞ ማውራት ማንን ገደለ! እነዚህ ሁለቱ ግን የተገናኙት እዚያው ውሃው ላይ ነው፤ ያውም በዱላ።

ልጅቷ የመዋኛ ገንዳ ጠራጊ ነበረች። ጫፉ ላይ መረብ በታሰረበት ረጅም ዘንግ ቅጠሉን፣ ፀጉሩን፣ የሰው ቁስል ፕላስተር ሳይቀር ከውሃው ላይ እየለቀመች ትውላለች። ሥራዋን አትናቁባት። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚንቦጫረቀው ሁሉ ማን እንዳጠራለት ጠይቆ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ገንዳው ጭር ብሎ አንድ ወንድ ብቻውን ይዋኛል። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ክንዱ ግን ድመት የተጫወተችበት ይመስል በጭረት ተሞልቷል። መስመር በሚለየው የፕላስቲክ ገመድ ላይ ክንዱን እየፈተገ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ በቀጥታ ወደ ግድግዳው መጣ።

«ይሄ ሰውዬ አያቆምም እንዴ?» አለች በሆዷ። አያቆምም። ጮኸች። ጆሮው ውሃ ውስጥ ነው፤ ማን ይስማት! ሌላ መላ አልመጣላትምና በያዘችው ዘንግ አናቱን ቋ አደረገችው።

ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ። መረቡ ፀጉሩን ይዞ ቀርቷል፤ ቅጠሉም አብሮ።

«ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ፤ ጠራጊዋ። ይቅርታ! ግድግዳው ሊመታህ ነበር እኮ።»

«ግድግዳ ሰው አይመታም፤ የምመታው እኔ ነኝ» አለና ከጆሮው ላይ ቅጠል አነሳ። «በዱላ የሚነካኝ ሰው ዛሬ ቀረብኝ። ያንቺ እጅ ግን ጥሩ ነው። እስቲ እንደገና ምቺኝ።»

እንዲህ ያለ ልመና ከወንድ አፍ ሲወጣ የሰማ ካለ ይንገረኝ።

ሰውየው ዓይነ ስውር ነው። ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ማዞሪያ ላይ ስለሚሠራ ሁሉም ስልከኛው ይለዋል። ሥራ ከመግባቱ በፊት ይዋኛል። ማየት የማይችል ዋናተኛ ግድግዳው መቅረቡን የሚያውቀው፣ ዳር የቆመ ሰው ጫፉ ላይ ለስላሳ ኳስ ባለው ረጅም ዱላ አናቱን ወይም ጀርባውን ሲነካው ነው። ቀድመው ከነኩት ይዘገያል፤ ዘግይተው ከነኩት ይጋጫል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የማን እጅ ያንን ልክ ያውቃል የሚለው ግን ቀላል አይደለም።

የሷ እጅ አወቀው። ያ የቀረው ሰው እንደቀረ ቀረና ዱላው የሷ ሆነ።

ሌሎች ወጣቶች በዓይን ይጠቃቀሳሉ፤ እነዚህ በዱላ ተግባቡ። እሱ ከውሃው ብቅ ብሎ «ዛሬ አኩርፈሻል» ይላታል። «ምን አውቀህ?» ስትለው «ዱላሽ ደርቋል» ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ «ማን አሳቀሽ?» ይላታል። ደብዳቢዬ እያለ ይጠራታል፤ እሷም በዚህ ስም አኩርፋ አታውቅም። አንድ ጊዜ ዘግይታ ነክታው ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ደሙን በውሃ አጥቦ «ጥሩ፤ ፍጥነቴ ጨምሯል ማለት ነው» አለና ተመልሶ ገባ። ያን ቀን ወደደችው። በተሰነጠቀ ከንፈር የሚስቅ ወንድ እንዳይወደድ ምን አለው?

ብዙም ሳይቆይ ከብዙ አገር የተውጣጡ አካል ጉዳተኞች፣ ሯጩም ዘላዩም ዋናተኛውም፣ አንድ ላይ የሚወዳደሩበት ትልቅ ጨዋታ ደረሰና ስልከኛው ተመረጠ። የቡድኑ አሠልጣኝ በአንዱ ጫፍ ራሱ ሊቆም፣ ውድድሩ በሚያልቅበት ጫፍ ደግሞ እሷን ሊያቆም ወሰነ። እሷም ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ቤት ገባች።

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስልከኛው ወሬ ቀድሞ ደርሷታል።

«ክፉ ነው አላልኩሽም» አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ሥራ አለው። አፉም ጣፋጭ ነው። ግን እስከ መቼ?»

«ምኑ እስከ መቼ?»

«ዱላው! ዛሬ ገንዳ ነው። ነገ ደረጃ ነው፣ መኪና ነው፣ የፈላ ድስት ነው። ሰው ነሽ፣ ትዘናጊያለሽ። አንድ ቀን ዘወር ስትዪ አንድ ነገር ይሆንብሻል፤ ያን ጊዜ ዕድሜሽን ሙሉ ራስሽን ስትበዪ ትኖሪያለሽ። የፈሩት ይደርሳል።»

«እማ፣ አፍሽን በበጎ ክፈቺው እንጂ!»

«በጎውማ ይሄው ነበር።»

የእናት ንግግር እንደ ዓሣ አጥንት ነው፤ አይዋጥ፣ አይወጣ። ልጅቷ ያን አጥንት ጉሮሮዋ ውስጥ ይዛ አውሮፕላን ላይ ወጣች።

የጨዋታው መንደር ጉድ ነው። አንገቱ ላይ መታወቂያ ያላንጠለጠለ ሰው የለም። ከመኝታ ቤቶቹ ወደ ውድድሩ ቦታ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ አንዱ ቀስት ይዞ፣ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ኳስ አቅፎ፣ ሌላዋ ሰው ሠራሽ እግሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ትሄዳለች። ገንዳው ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ዳኞቹ የዓይነ ስውራኑን መነጽር አንድ በአንድ ይመረምራሉ፤ ጭላንጭል የሚያይ ካለ እንዳያይ ጥቁር ይደረግለታል። የማያይ ሰው እንዳያይ የሚጠብቁበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ግን ፍትሕ ነው፤ ጨለማው ለሁሉም እኩል ይሁን ነው ነገሩ።

በማጣሪያው ስልከኛው እየመራ መጣ። ልጅቷ ዱላዋን ዘረጋች። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሰውየውም እየፈጠነ ነው፤ የእናቷ አጥንት ጉሮሮዋን ወጋት። ነካችው።

ቀድማ ነካችው። እሱ እጁን ዘረጋ፤ ግድግዳ የለም። ውሃውን እየዳበሰ ተንሳፈፈ። በዚያች መሃል ሁለት ሰው አለፈው። ለፍጻሜው አለፈ፤ ለጥቂት። ከውሃው ወጥቶ ፎጣውን ተቀበላትና ደብዳቢዬ እንኳ ሳይላት ገባ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አሠልጣኙ ጠራት። የሚናገረው የጫማውን ክር እያየ ነበር።

«ማታ... ማለቴ ለፍጻሜው፣ ያንቺን ዱላ ወጌሻው ይይዘዋል።»

«ማን አለ?»

«ራሱ ነው የጠየቀኝ።»

«ራሱ?»

«ራሱ፣ ልጄ።»

ወጌሻው የቡድኑን ጅማት የሚያሽ፣ ወለምታ የሚመልስ ግዙፍ ሰው ነው። መዳፉ አካፋ ነው። ቢሰብረውም ራሱ ይጠግነዋል ብሎ ይሆናል፣ ስትል አሰበች፤ እንባዋ ግን ቀልዱን አልጠበቀውም። እኔን ጠላኝ አለች። ለዚህ ነው ለካ ፎጣውን ተቀብሎ የሄደው።

ሌላዋ ብትሆን ተኝታ ታለቅስ ነበር። እሷ ፊቷን ታጥባ ወደ ምግብ አዳራሹ ሄደች። አዳራሹ ገበያ ነው፤ ሰው ሁሉ ትሪ ተሸክሞ ይተራመሳል። ስልከኛው ጥግ ላይ ሙዝ እየላጠ አገኘችው። ሳትናገር ተቀመጠች።

«ደብዳቢዬ» አለ።

«እንደሱ አትበለኝ! ደብዳቢህ ወጌሻው ነው።»

«የሱ እጅ ይከብዳል።»

«ታዲያ ለምን መረጥከው?»

«ስለማይወደኝ።»

አጠገባቸው አንድ ክብደት አንሺ የአምስት ሰው ምግብ ይዞ ተቀመጠ፤ ወንበሩ አቃሰተ። ሙዙ ግማሹ እንደተላጠ ቀረ።

«ዛሬ ጠዋት መቼ እንደነካሽኝ ታውቂያለሽ?» አለ።

«በሰዓቱ።»

«ለእኔ አትዋሺ። ዛሬ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። እዚህ ልምምድ ከጀመርን ወዲህ ቀድመሽ ነው የምትነኪኝ። ምን ሆነሻል?»

ትሪው ላይ የወደቀ ሩዝ በጣቷ ስታንከባልል ቆየች። «ፈራሁ» አለች።

«ምንን?»

«እንዳልሰብርህ።»

ሳቀ፤ ግን ሳቁ ጣፋጭ አልነበረም። «እናቴ ዛሬም ሻይ ስትሰጠኝ ‹ይፋጃል› ትለኛለች። ሻይ እንደሚፋጅ የማያውቅ ሰው አለ? መንገድ ላይ የማላውቀው ሰውዬ ‹ደረጃ! ደረጃ!› ይለኛል፤ እግሬን አንስቼ አየር እረግጣለሁ። ሰው ሁሉ ቀድሞ ነው የሚነካኝ። ግድግዳዬን ለእኔ የተውሽልኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ከንፈሬ የተሰነጠቀ ቀን እንኳ ‹ወይኔ› አላልሽም። ያን ቀን ነው...»

«ያን ቀን ምን?»

«ያን ቀን ነው እንጂ።»

ጉንጯ ጋለ። ማየት ከማይችል ሰው ፊትን መሸፈን ምን ይባላል? ሸፈነች ግን።

«ጭንቅላትህ ቢፈነዳስ?» አለች ከመዳፏ ሥር።

«ጭንቅላቱ የእኔ አይደለም እንዴ?»

«የእኔም ነው!»

ክብደት አንሺው ቋንቋቸውን ባያውቅም ማንኪያውን አስቀምጦ አየ። ስልከኛው የላጠውን ሙዝ ለሁለት ገመሰና ግማሹን ወደ እሷ ገፋ።

«እንዲያ ከሆነ ግማሹን ውሰጂ» አለ። «የምዋኝበትን ግማሽ ግን ተዪልኝ። ስሚኝ፤ ዱላውን ለወጌሻው ብሰጥ አንቺን መስጠቴ አይደለም። ካልቻልሽ መቀመጫው ላይ ሆነሽ እዪኝ፤ አልቀየምም። ዱላና ፍርሃት አንድ ላይ ይዘሽ ግን አትምጪብኝ። እኔ ይህን ውድድር ባጣው አዝናለሁ፤ አንቺም እንደ ሌላው ሰው ከሆንሽብኝ ግን ወዴት እሄዳለሁ?»

ሙዟን በልታ ተነሳች። አሠልጣኙን ልብስ መለወጫው በር ላይ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ዱላዬን።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምርጫውን ለእኔ ትቶታል።»

«ከፈራሽስ?»

«እፈራለሁ» አለች። «ፍርሃቴን ግን ለራሴ እይዘዋለሁ፤ በዱላው አልልክለትም።»

አሠልጣኙ ወጌሻውን አየ። ወጌሻው ዱላውን እንደ ትኩስ ድንች አቀበላት። «ውሰጂ እባክሽ፤ እኔ የማውቀው ጅማት ማሸት ነው» አለ።

ለፍጻሜው የገንዳው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሆኖም የዓይነ ስውራን ዋና ሲጀመር ሕዝቡ ትንፋሹን ይይዛል፤ ዋናተኞቹ መነሻውን በጆሮ ነው የሚጠብቁት። ልጅቷ ስልከኛውን በክንዱ ይዛ መነሻው ላይ አደረሰችው። የመነሻው ድምፅ ጮኸ፤ ዘለሉ።

ሲሄድ ጀርባውን አየች። በዚያኛው ጫፍ አሠልጣኙ ነካው፤ ዞረ። አሁን ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ግራና ቀኙ ሰዎች አሉ፤ ማን እንደቀደመ አይለይም። ዱላዋን ዘረጋች።

አሁን! አለ ልቧ። ቆይ አለችው። አሁን፣ አንቺ ሴት! አለ ልቧ፤ የሚለውም በእናቷ ድምፅ ነበር። ቆይ። ነጩ ግድግዳ የቀረበ መሰላት፤ ራሷ ልትጋጭ የደረሰች መሰላት፤ እጇ ግን አልከዳትም። ሰውየው የሱን ግድግዳ ሊነካ ነው የመጣው፤ ማን ነኝና እቀማዋለሁ?

ነካችው።

ስልከኛው ባለ በሌለ ኃይሉ እጁን ወረወረ፤ ግድግዳው እዚያው ነበረ። ሲመታው የተሰማው ድምፅ እንጨት እንደመሰበር ነው። ብቅ አለ፤ ውሃ እየተፋ።

«ስንተኛ ነኝ?»

ሰሌዳውን አየች፤ ፊደል ዓይኗ ላይ ተደነቃቀፈ። «ሦስተኛ! ሦስተኛ ነህ!»

«ጣቴን የሰበርሽኝ መሰለኝ» አለ፤ ሳቁ ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ ነበር። እሷም ዱላውን ጥላ፣ ደረቷን ይዛ፣ ዓለም ሁሉ እያየ ተንከተከተች። ነሐስ አገኘ። ጣቱ ግን አልተሰበረም፤ አብጦ ድንች አከለ። ወጌሻው ጠቀለለለት፤ በመጨረሻ ሥራ አገኘ።

ከሽልማቱ በኋላ ገንዳው ጀርባ ባለው ኮሪደር፣ እርጥብ ፎጣ በተከመረበት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

«አየሁሽ!» አለች እናት ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ። «በቴሌቪዥን አየሁሽ። ሰውየው እጁን ሰብሮ አንቺ ትስቂያለሽ! ጎረቤቱ ሁሉ እቤቴ ነበር። ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት?»

«አልተሰበረም፣ አብጦ ነው።»

«ግድግዳውን የመታው ባንቺ ምክንያት ነው?»

«በእኔ ነው። እማ፣ ላገባው ነው።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ልጅቷ ስልኩን ከጆሮዋ ልታነሳው ቃጣት። ጎኗ ያለው ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤ ምክንያቱም እስከዚያች ደቂቃ እሱም አልሰማም ነበር።

«ጠይቆሻል?» አለች እናት።

«አልጠየቀኝም።»

«ታዲያ?»

«እየሰማ ነው።»

እናት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ስትጥል ተሰማ። «ትከሻው ስንት ነው?»

«ምን?»

«የትከሻው ልክ! ኮት በልክ ነው የሚሰፋው፣ በወሬ አይደለም። በቴሌቪዥን ሳየው የበር ያህል ነው። ለክተሽ ደውዪልኝ» አለችና ዘጋች።

ልጅቷ ስልኩን ወንበሩ ላይ አኖረች። ሜትር የላት፣ ገመድ የላት። ስልከኛው ጀርባውን ሰጣት። በስንዝሯ ከአንዱ ጫፍ ጀመረች፤ ደረሰች፤ የቆጠረችውን ረሳች። እንደገና ለካች። ደግማም ለካች። ትከሻ ያን ያህል አይረዝምም።